እድር ስለ ልጆች አቤቱታ ማቅረብ ይችላል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ በመሀል አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ የምኖር የእድር ጸሐፊ ነኝ። ከቤቶቻችን ጀርባ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ትንሽ የመንግሥት ክፍት ቦታ ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የመኪና ማቆሚያ ስለሆነ ትንንሾቹ መኪና በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ይጫወታሉ፣ ጎረምሶቹም ግሮሰሪው ደጃፍ ላይ ያመሻሉ። አንድ ጽሕፈት ቤት ሄደን ብናመለክት «እድር የቀብር ማኅበር ነው፤ ስለ ሕፃናት መብት ለመናገር ፈቃድ ያለው ድርጅት መሆን አለባችሁ» ተብለን ተመለስን። ሕጉ በእርግጥ እንዲህ ይላል? ካላለስ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሕጉ እንዲህ አይልም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና ዕቁብን የመሳሰሉ ማኅበራትን እንደማይመለከት በግልጽ ስለደነገገ፣ ስለ ሰፈራችሁ ልጆች ለመናገር ብላችሁ እንደ ድርጅት መመዝገብ አይጠበቅባችሁም። የመለሷችሁ ሰው ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል የነበረውን የ2001 ዓ.ም. አዋጅ አስታውሰው ይሆናል፤ እሱ ግን ተሽሯል፣ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜም ቢሆን እድርን አይነካም ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን ለማንኛውም ሰው የሰጠ በመሆኑ፣ የእድሩ ማኅተም ባይኖር እንኳ ወላጆች በነዋሪነታቸው ፈርመው ማመልከት ይችላሉ።

ስለ ልጆቹም የምትጠይቁት ችሮታ አይደለም። አንቀጽ 36 የአስተዳደር አካላት ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 31 የማረፍና የመጫወት መብትን ያውቃል። ማመልከቻው ላይ እነዚህን ሁለት አንቀጾች መጥቀስ ይበቃል፤ በሕግ ጥቅስ የተጨናነቀ ደብዳቤ ዋናውን ጥያቄ ይሸፍነዋል።

ዋናው ጥያቄ ምን ይሁን በሚለው ላይ ግን ጊዜ ወስዳችሁ እንድትመክሩ አጥብቄ እለምናለሁ። «ለልጆቻችን መጫወቻ ይሰጠን» የሚል ማመልከቻ መልሱ ብዙውን ጊዜ «በዕቅድ ይታያል» ነው። በከተማችን የመኪና ማቆሚያ የሚያስተዳድሩት አብዛኛውን ጊዜ በማኅበር ተደራጅተው ሥራ ያገኙ ወጣቶች ናቸው፤ እናንተ ዘንድም እንዲሁ ከሆነ ቦታው ሙሉ በሙሉ ይመለስልን ብትሉ ለታናናሾቹ ስትሉ የታላላቆቹን እንጀራ መንካታችሁ ነው፣ ነገሩም ጎረቤትን ከጎረቤት ያቃቅራል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ከወጣቶቹ ጋር ተነጋገሩ። ቦታው በመኪና የሚሞላው በሥራ ሰዓት ከሆነ፣ ልጆቹ ደግሞ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ወደ ማታ ከሆነ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላና እሑድ ሙሉ ቀን ለልጆች እንዲለቀቅ፣ መግቢያውም በነዚያ ሰዓቶች በሰንሰለት እንዲዘጋ መጠየቅ ይቻላል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወጣቶቹም አብረው ከፈረሙበት ባለሥልጣኑ እንቢ የሚልበት ምክንያት ይጠበዋል።

ለማስረጃ፣ ሁለት የእድሩ አባላት ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት ሰዓት መንገዱ ዳር ቆመው ስንት ልጆች እንደሚጫወቱና ስንት መኪና እንደሚያልፍ ለጥቂት ቀናት ቆጥረው ይመዝግቡ፤ መንገዱንና ቦታውን የሚያሳይ በእጅ የተሠራ ንድፍም ይያያዝ። ልጆቹንም ጠይቋቸው። የስምምነቱ አንቀጽ 12 በሚነካቸው ጉዳይ እንዲሰሙ ይደነግጋል፣ ሴቶቹ ልጆችም ከኳስ ሌላ የሚሹት ነገር ሊኖር ይችላል፤ እኛ ትልልቆቹ ይህን ሳንጠይቅ የምናልፍበት ጊዜ መብዛቱ ያሳዝነኛል። የልጆቹን ፊት የሚያሳይ ፎቶ ግን በማመልከቻው ላይም ሆነ በቴሌግራም አታውጡ።

የጎረምሶቹ ጉዳይ የራሱ ማመልከቻ ያስፈልገዋል። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የእድሩ ሽማግሌዎች የግሮሰሪውን ባለቤት በጨዋ ደንብ ያነጋግሩ፤ ካልሰማ ግን ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ ማመልከት ይቻላል።

የመጫወቻውን ማመልከቻ ለወረዳው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽፋችሁ ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ግልባጭ አድርጉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ካለበት ዕቅድ ከመዘጋቱ ወራት ቀድማችሁ ብትደርሱ ይሻላል። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገብታችሁ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን ሳታስጽፉ አትመለሱ፤ «አልደረሰንም» የሚባለው እዚያ ላይ ነውና። ወረዳው ዝም ካለ ወደ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያም ወደ ከተማው ቢሮ ማለት ይቻላል። እነዚህም ምላሽ ከነፈጓችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በቃልም ሆነ በጽሑፍ የቀረበ አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ አስቀድማችሁ ለሚመለከተው አካል ማመልከታችሁን የምታሳዩትም በዚያው በመዝገብ ቁጥሩ ነው።