ቢጫው ጀሪካን

የተወደዳችሁ ወጣት ፎቶ አንሺዎች፤

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ ያነሳችውን የቡና ሥነ ሥርዓት ፎቶ አሳይታኝ፣ «ከጀርባ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ባህላዊ መልኩን አበላሸብኝ፤ ላጥፋው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው መመለስ አቃተኝ።

በ1986 ዓ.ም. ጉለሌ ውስጥ ቦኖ ውሃ ተሰልፈው ያገኘኋቸው እናት ትዝ አሉኝ። ሥራውን የሰጠኝ መሥሪያ ቤት ለቀን መቁጠሪያ የሚሆን «የባህል» ፎቶ ይፈልግ ነበር፤ በዜኒት ካሜራዬ ውስጥ ካለው ባለ 36 ፖዝ ፊልም የቀረኝ ደግሞ ጥቂት ነው። እናቲቱ የያዙት ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነበር። እጀታው እጅ እንዳይቆርጥ የነጠላ ቁራጭ ተጠምጥሞበታል፤ ክዳኑ በመጥፋቱም በላስቲክ የተጠቀለለ ቆረቆንዳ ተወትፎበታል። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ «እሱን ወዲያ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ከጎረቤት እንስራ ተበድረን፣ ውሃ ሞልተን አሳዘልናቸው። እንስራ ካዘሉ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ስለነበር ማዘያው አልረጋ አላቸው። አንዴ አነሳኋቸው። «ትንሽ ወደ ግራ» ብዬ ሳዞራቸው ግን እንስራው ሾልኮ ወድቆ ተሰበረ። ለጎረቤቲቱ ከእናታቸው የቀረ ዕቃ ኖሯል፤ ካሳ ባቀርብም አልቀበልም አሉኝ። እናቲቱ አንድም ቃል ሳይናገሩኝ ጀሪካናቸውን አንስተው ወደ ሰልፉ ሲመለሱ ተራቸው አልፎ ነበር። የቀን መቁጠሪያው ታትሞ ብዙ ተመሰገንኩበት።

ስለ ሌንስና ስለ ብርሃን አልጽፍላችሁም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። የሚያሳስበኝ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ መቶ ፎቶ እያነሳችሁ፣ ባህል ማለት የአያት ዕቃ ብቻ እየመሰላችሁ መምጣቱ ነው። ማሊያዊው ፎቶ አንሺ ሰይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ በከፈተው ስቱዲዮ ደንበኞቹን ከራዲዮ፣ ከእጅ ሰዓትና ከቬስፓ ጋር ያነሳ ነበር፤ ዛሬ የዚያን ዘመን ማሊ የምናይባቸው እነዚያው ፎቶዎች ናቸው። በእኛም አገር የሊስትሮው ሣጥን፣ የሚናልሽ ተራ በረባሶ፣ ሰማያዊና ነጩ ታክሲ ከመሶብና ከጀበና እኩል ሊታዩ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ምንም አትንኩ እላችኋለሁ እንጂ እኔም ዛሬ ድረስ ሰውን «ወደ መስኮቱ ጠጋ ይበሉልኝ» ማለቴን አልተውኩም። ብርሃን የሰውን ፊት ያወጣዋል። ዕቃውን ከእጁ ማስጣል ግን ሌላ ነገር ነው፤ የእነዚያን እናት ጀሪካን ፍለጋ አሮጌውን ፊልም ደጋግሜ አየሁት፤ በአንዱም ፖዝ ላይ የለም።

ለተማሪዋ የመለስኩላት ይህን ነው፦ ወንበሩን አታጥፊው፤ ይልቅ ወደዚያ ቤት ተመልሰሽ፣ ዘወትር ማን እንደሚቀመጥበት ጠይቂና እሱኑ ሰው ተቀምጦበት አንሺው።