«ይፍረስ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ምህንድስና የምትማሩ ወጣቶች በተገናኘን ቁጥር አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ፤ አሮጌ ሰፈር ሲታደስ የቱ ይፍረስ፣ የቱ ይቅር? መልሴን ከአሜሪካዋ ከተማ ከዲትሮይት ልጀምር።

እዚያ ያለ አንድ አሮጌ ሰፈር ኮርክታውን ይባላል፤ ከአየርላንድ ኮርክ አውራጃ የተሰደዱ ሰዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሰፈሩበት ነው። ስሙም ከዚያ መጣ። በኋላ ማልታዎችና ሜክሲኮዎች ገቡበት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተማው ከሰፈሩ ብዙውን «የተጎሳቆለ» ብሎ አፈረሰና ለኢንዱስትሪ ሰጠው።

በዚያው ሰፈር ሚሺጋን ሴንትራል የሚባል ግዙፍ ባቡር ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1913 ተከፍቶ በ1988 የመጨረሻው ባቡር ወጣበት። ከዚያ ሌባ እብነ በረዱን ነቀለ፣ ምድር ቤቱ ውሃ ሞላው። በ2009 የከተማው ምክር ቤት ይፍረስ ብሎ ወሰነ፤ ደግነቱ ሳይፈጸም ቀረ። በ2018 የመኪና አምራቹ ፎርድ ገዛው፤ ስድስት ዓመት ደክሞበት በ2024 ከፈተው። የእኔ ሙያ ልብ የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው፦ ከመንገደኞች መጠበቂያ አዳራሹ ጣሪያ 29,000 ሸክላዎች የተቀየሩት 1,300 ያህል ብቻ ናቸው። የጎደለውን ድንጋይ ለመተካትም ኢንዲያና በምትባል የአሜሪካ ግዛት ውስጥ የተዘጋ የድንጋይ ካባ ፈልገው አገኙ።

አንድ ነገር ደግሞ ያስቀኛል። ፎርድ ሕንፃውን እንደገዛ ማንነቱን ያልተናገረ ሰው ስልክ ደወለ፤ የተሰረቀው የጣቢያው ሰዓት በእሳት ከነደደ ተጎታች ጎን ተደግፎ ይገኛል አለ። ሄዱ፤ አገኙት። ሰውዬው ሰዓቱንም ጣቢያውንም እወዳለሁ ብሎ ነበር።

ሁሉ አማረ እንዳልላችሁ ግን የቤት ዋጋ ንሯል፤ ፎርድም ለአካባቢው ነዋሪ ጥቅም 10 ሚሊዮን ዶላር ቃል ለመግባት ተገዷል። ጣቢያው ተጎሳቁሎም ቢሆን ቆሞ ስለጠበቀ ሊጠገን ቻለ። የፈረሱትን የሠራተኛ ቤቶች ግን ማን ይጠግናቸዋል?

ይህን የምላችሁ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ ግቢ እንድመረምር ተልኬ፣ ስንጥቁን ከውጭ አይቼ፣ ጣራው መዝመሙን ጽፌ፣ ከምሳ በፊት «ይፍረስ» ብዬ ፈረምኩ። ከውስጥ ቡና ሲወቀጥ ይሰማኝ ነበር። በሩን አላንኳኳሁም።