ዘጠኝ ሰዓት የማን ዘጠኝ ሰዓት ነው?

ልጆች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ሐዋሳ ፒያሳ ካለችው ትንሽ ቢሮዬ ሆኜ ነው። ሥራ የጀመርኩት በብሩሽ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፍኩ ነው። ከዚያ ማተሚያ ቤት ገባሁ፤ ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። አሁን ደግሞ እንደ እናንተው አፕወርክ በሚባለው፣ አሠሪና ሠራተኛ በሚያገናኘው ድረ ገጽ ላይ ሥራ ስፈልግ አመሻለሁ። «ጋሼ፣ የኦንላይን ዲዛይን ሥራ እንዴት ይገኛል?» እያላችሁ ስለምትመላለሱ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ቅሌቴን ልንገራችሁ። ዱባይ ሬስቶራንት ሊከፍት የተነሣ ሰውዬ ሜኑ አሠራኝ። ሐሙስ በ9 ሰዓት ይድረሰኝ አለ። ሌሊቱን ስሠራ አድሬ፣ ጧት ትንሽ ተኛሁና ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ላክሁለት። ግማሽ ሰዓት ቀድሜ! ኮራ ብዬ ቡና አዘዝኩ። ለካ የሱ 9 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጧት 2 ሰዓት ነው። ማተሚያ ቤቱ ጠብቆ ጠብቆ የሌላ ሰው ሥራ አስገብቷል። ሜኑው እንከን አልነበረበትም፤ ሰውዬው ግን ሁለት ኮከብ ሰጥቶኝ ሄደ። ተመልሶም አልመጣ።

ብዙ ጊዜ የሚጥለን የእጅ ጉድለት አይደለም። ሳንጠይቅ መጀመራችን ነው። ሎጎው የሚውለው የት ነው? ስልክ ላይ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ፍላየር ላይ ታትሞ የሚበተን ከሆነ ቀለሙ ሲኤምዋይኬ በሚባለው የኅትመት ቀለም አሠራር ይሠራል፣ ወረቀቱ ሲቆረጥ የሚሄድ ዳር ዳሩን 3 ሚሊሜትር ትርፍ ይተዋል። የሚወስነውስ ማን ነው? ደንበኛው ወዶት ወንድሙ የጣለውን ሎጎ ብቆጥር አልጨርስም። ስንት ጊዜ ነው በነጻ የምታርሙት? እኔ ሁለት ጊዜ እላለሁ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ይህን ያህል ይከፈላል ብዬ ዋጋውን እጽፋለሁ። «ትንሽ ብቻ ነካ አድርገው» የምትለዋን ቃል ፍሯት። እሷ «ትንሽ» አንድ ሳምንት በልታብኛለች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? የተስማማችሁትን ሁሉ እዚያው መልእክት መለዋወጫው ላይ ጻፉት። ቀን ስትጽፉ ደግሞ ሁለቱንም ሰዓት፣ የእኛንም የደንበኛውንም።

ስለ ገንዘብ። እዚህ ከተማ ቀብድ ተቀብለን ነው የምንጀምረው። አፕወርክ ላይ በቁርጥ ዋጋ ስትሠሩ ግን ቀብዱ እናንተ እጅ አይገባም፤ መሐል ላይ እንደ ሽማግሌ ድርጅቱ ይይዘዋል። ገንዘቡ መያዙን ሳታዩ አንድ መስመር እንዳታሰምሩ። ሥራውን በዚያው በገጹ በኩል ስታስረክቡ ደንበኛው የሚያይበት 14 ቀን አለው። ዝም ካለ ገንዘቡ ይለቀቃል። በቴሌግራም ብቻ ከላካችሁለት ግን እንዳስረከባችሁ አይቆጠርም።

ሌላው የሥራ ገጽ ፋይቨር ደግሞ ከ100 ዶላር 20ውን ይቆርጣል። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። እኔም አንድ ጊዜ ተናድጄ፣ «ከውጭ እንጨርስ፣ ኮሚሽኑን ለሁለት እንካፈል» ላለኝ ሰው እሺ አልኩት። ዋናውን ፋይል ሳይቀር አስረከብኩ። 150 ዶላሬ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነች! ለማን አቤት ይባላል? በዚያ ላይ ደንብ መጣስ ስለሆነ አካውንት ያዘጋል። የሰው አካውንት የምትከራዩም አላችሁ። መታወቂያ አሳዩ የተባላችሁ ቀን የሰበሰባችሁት ኮከብ ሁሉ ባዶ ይቀራል።

ፋይቨር በፈረንጅ 2010 ሲጀመር ሥራው ሁሉ በ5 ዶላር ነበር፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬም ለሎጎ 5 ዶላር የምትጠይቁ አላችሁ። በሐምሌ 2016 የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ በብር ሲመነዘር ያጓጓል፣ አልክድም። ግን ሲቆረጥ 4 ዶላር ነው የሚተርፋችሁ። በ5 ዶላር የመጣ ደንበኛ ደግሞ፣ ከልምዴ፣ ከሁሉ በላይ ጨቅጫቃው ነው።

እዚህ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄዳችሁ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች አይታችኋል? ዓሣ የሚያጸዳ ሰው ባዩበት ሁሉ ተሰብስበው የሚወረወር ነገር ይጠብቃሉ። ያችኑ አንድ ማመልከቻ ለ40 ሥራ የሚልክ ልጅ ሳይ እነሱ ይመጡብኛል። አፕወርክ ላይ ለማመልከትም ኮኔክት የሚባል የማመልከቻ ነጥብ ይገዛል፣ አንዱ 15 ሳንቲም የአሜሪካ። ለሦስት ሰው ብቻ ላኩ፤ ግን የጻፈውን አንብባችሁ። «ሜኑህ በስልክ ሲታይ ዋጋው አይነበብም» ብላችሁ ብትጀምሩ ያቆምና ያነባችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሌ ይገርመኛል። ሁላችሁም ከመላው ዓለም ጋር በእንግሊዝኛ ሎጎ ትጋፋላችሁ። ዋሽንግተን ያለው ሐበሻ ምግብ ቤት ግን ፊደላችንን የማያውቅ ዲዛይነር ያሠራና «ጥብስ» «ጥበስ» ሆኖ ይለጠፍበታል። ፕሮፋይላችሁ ላይ የግዕዝ ፊደል ሥራ አስገቡ። ኖቶ እና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች (የኮምፒውተር የፊደል ቅርጾች) ፈቃዳቸው ክፍት ነው፤ ለንግድ ሥራም ይሆናሉ። ሌላውን ፎንት ፈቃዱን ሳታነቡ ለደንበኛ እንዳትሰጡ።

የሠራችሁትን ላይላችሁ ከፈለጋችሁ ኑ። ቅዳሜ በ9 ሰዓት ቢሮ ነኝ። በእኛ 9።