እሳተ ገሞራን ለማጥናት የት ልማር? ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ የጂኦፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ሥራዬ የመሬትን ማበጥና መስረግ በራዳር ሳተላይት መለካት ነው። ከጥያቄው በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ለማንኛውም ፕሮፌሰር ከመጻፋችሁ በፊት የምታጠኑትን ተራራ ምረጡ።

ሳባ፦ መምህር፣ አገር ውስጥ በምን ልጀምር?

መላሽ፦ በጂኦሎጂ ወይም በፊዚክስ። እሳተ ገሞራው በሁለተኛው ዲግሪ ይደርሳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም አሉት፤ ሰመራ ደግሞ ለኤርታ አሌ ይቀርባል።

ዮናስ፦ የነፃ ትምህርት ዕድል እንዴት ይገኛል?

መላሽ፦ ለየትኛው ደረጃ? ለምን ጥናት? እንዲህ በጅምላ ለተጠየቀ መልስ የለኝም።

ብሩክ፦ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ እሳተ ገሞራን ማጥናት ይቻላል?

መላሽ፦ ይቻላል፤ ለእኛ አገር ተማሪ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። ሴንቲኔል-1 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት አንዱን ቦታ እየተመላለሰ በራዳር ያነሣል። የሁለት ቀን ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ መሬቱ የተንቀሳቀሰበት ስፍራ ቀስተ ደመና በመሰሉ ቀለበቶች ተከቦ ይወጣል። ከአንዱ ቀለበት ወደ ቀጣዩ ስትሻገር መሬቱ ወደ ሳተላይቱ 2.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቧል ወይም ርቋል ማለት ነው። ሐዋሳ አጠገብ ያለውን የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ተመልከት። ሰው ይኖርበታል፣ ያርስበታል፤ መሬቱ ግን በየዓመቱ በሴንቲ ሜትሮች ሲያብጥ ተለክቷል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ማግማ (ከመሬት በታች የቀለጠ ዓለት) 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ስንጥቅ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ሲከፍተው፣ መጠኑን ያሳየን ከሴንቲኔል-1 በፊት የነበረ ሳተላይት ራዳር ነው። የሴንቲኔል-1 መረጃ በነፃ ይወርዳል፤ ጎንደር ያለ ተማሪ እንግሊዝ አገር ሊድስ ካለው ተመራማሪ እኩል ያገኘዋል።

ነገር ግን ቀለበት ሁሉ ማግማ አይደለም። በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሞገዱን ስለሚያዘገየው፣ የክረምቱን ምስል ከበጋው ጋር ስታነጻጽር ያላበጠ ተራራ ያበጠ ይመስልሃል። ሒሳብና ፊዚክስ አጥብቀህ ያዝ የምልህ ለዚህ ነው።

ታደለ፦ ተራራውን ሳይረግጡ ምን ባለሙያነት አለ? ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ሕንድ ድረስ ሄደ። ያንን አመድ በእጁ ያልዳሰሰ ምን ይጽፋል?

ሰላም፦ ሕንድ መድረሱን የነገረህ ሳተላይት አይደለም?

ታደለ፦ የሄደበትን ነገረኝ፤ ከምን ዓይነት ማግማ እንደመጣ ግን አልነገረኝም። ለዚያ ናሙናው ቤተ ሙከራ ይግባ።

መላሽ፦ ታደለ ስለ ናሙናው ልክ ነው። ክርክሩ እዚህ ይብቃና ወደ ትምህርቱ እንመለስ።

ሔለን፦ ሁለተኛ ዲግሪዬን በቱሉ ሞዬ እሳተ ገሞራ ድንጋዮች ላይ ሠርቻለሁ። ለሦስተኛው ወዴት ላመልክት?

መላሽ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! የእንግሊዞቹ ብሪስቶልና ሊድስ ዩኒቨርሲቲዎች በስምጥ ሸለቆአችን ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። ጽሑፎቻቸውን አንብቢና ሳይመለስ የቀረውን አንድ ጥያቄ ፈልጊ፤ ደብዳቤሽ በዚያ ይጀምር። «ትጉህ ተማሪ ነኝ» ብሎ የሚጀምረውን ማንም አንብቦ አይጨርሰውም። ዝንባሌሽ ወደ እንፋሎት ኃይል ከሆነ፣ አይስላንድ ውስጥ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የስድስት ወር የጂኦተርማል ሥልጠና ይሰጣል፤ የሚታጩት በመሥሪያ ቤታቸው በኩል ነው።

ናሆም፦ ደመወዙስ?

መላሽ፦ ይህን ሌላ ሰው ይመልስ።

ደረጀ፦ የነፃ ትምህርት ዕድል ካለ ቢጠቁሙን።

መላሽ፦ ከላይ አንብብ። መጀመሪያ ተራራህን ምረጥ።

ፋጡማ፦ ተራራዬን መርጫለሁ፣ ኤርታ አሌ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ብቻዬን ብሄድስ?

መላሽ፦ አይሆንም። የአካባቢውን መሪ፣ የጋዝ መለኪያና ጭንብል ሳትይዢ አትነሺ። ነፋሱ ከጀርባሽ ወደ ጉድጓዱ በሚነፍስበት በኩል ቁሚ። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጉሮሮሽን ሲያቃጥለው ታውቂዋለሽ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ሽታ የለውም፣ ከአየር ስለሚከብድም ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። ምንም አልሸተተኝም ብለሽ ወደዚያ አትውረጂ።

ፋጡማ፦ መሪው አጎቴ ነው። መለኪያውንና ጭንብሉን ግን አላሰብኩበትም።

መላሽ፦ እስክታገኚ ጉዞውን አራዝሚው።