ሲታጠፉ «ቀጭ ቀጭ» ለሚል የፊት አክስል

ጤና ይስጥልኝ። ቪትዝ መኪናዎ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቀጥ ብለው ሲወርዱ ድምፅ እንደሌላት፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው ሲነሱ ግን ከፊት ግራ ጎማ በኩል «ቀጭ፣ ቀጭ» እንደምትል፣ መካኒኩም ሁለቱንም የፊት አክስሎች (ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ኃይል ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱትን ዘንጎች) ባገለገሉ እንዲቀይሩ እንደመከረዎት ጽፈዋል። የራሴንና የቤተሰቤን መኪኖች አክስል ለዓመታት ስቀይር ካየሁት በመነሳት፣ ከጻፉት ምልክት ሁለቱንም ለመቀየር የሚያበቃ ምክንያት አይታየኝም።

ሲታጠፉ ብቻ የሚሰማ ድምፅ የሚያስጠረጥረው በጎማው በኩል ያለውን የውጭ ጁንቶ (አክስሉ እየታጠፈ እንዲሽከረከር የሚያስችለውን መጋጠሚያ) ነው። በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት የብረት ኳሶች አሉ፤ መሪው በዞረ መጠን ኳሶቹ በየቦያቸው ርቀው ስለሚንሸራተቱ፣ ቦዩ የተበላ ጁንቶ ያን ጊዜ ይጮኻል። በካምቢዮው በኩል ያለው የውስጥ ጁንቶ ሲበላ ግን መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ፣ በተለይም ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል፤ ነዳጁን ሲለቁ ይረጋጋል። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ከሆነ ደግሞ አክስሉን ትተው የጎማውን ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበትን ቤሪንግ) ያስፈትሹ።

ቀጥሎ መሪውን አዙረው ከጎማው ጀርባ ያለውን የጁንቶ የላስቲክ ሽፋን ይመልከቱ። ሽፋኑ ተቀዶ ግራሶው በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ላይ ተረጭቶ ካገኙት፣ የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ብረቱን እየፈጨው ነው ማለት ነው። ድምፅ ከመጀመሩ በፊት ቢደረስበት ኖሮ ጁንቶውን አጥቦ፣ ሞሊብዲነም ያለበትን ግራሶ ሞልቶና አዲስ ሽፋን አልብሶ መመለስ በቂ ነበር። ድምፁ ከጀመረ በኋላ ግን አዲስ ግራሶ ጩኸቱን ለጥቂት ጊዜ ከማፈን አያልፍም። የግራና የቀኝ ውጫዊ ጁንቶዎችን በማቀያየር ድምፁን የሚያጠፉ ባለሙያዎችም አሉ፤ ኳሶቹ ባልተበላው የቦዩ ጎን እንዲገፉ ስለሚያደርግ ለጊዜው ይሠራል፣ እኔ ግን ገንዘብ እስኪገኝ ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ዕቃውን ከሶማሌ ተራ የሚገዙ ከሆነ፣ የግራና የቀኝ አክስል ርዝመት እንደሚለያይ፣ የማኑዋልና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥርስ አንድ ላይሆን እንደሚችል፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ባላቸው አንዳንድ መኪኖችም ጁንቶው ላይ ባለ ጥርስ ቀለበት መኖሩን ያረጋግጡ። ከመኪናው የወጣውን አክስል ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን ማስተያየት ከሁሉ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ አክስሉ ወጥቶ ሳለ መኪናውን በጎማው ላይ መግፋት ኩሽኔታውን ሊያበላሽ ስለሚችል ከተሰቀለበት አይውረድ። ያገለገለ አክስል ሲመርጡ ጁንቶውን በእጅ እያጠፉ ልቅነቱን ይሞክሩ፤ ኦይል ሲሉ (የካምቢዮው ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) የሚነካው የአክስሉ ክፍልም ዝገት ወይም ጭረት እንዳይኖረው ይመልከቱ።

በሥራው ጊዜ አጠገቡ ቢቆሙ መልካም ነው። የአክስሉ ትልቅ ዳዶ መላላት ያለበት ጎማው መሬት ላይ እያለና ፍሬን ተይዞ ነው። መኪናው ከተነሳ በኋላ በብረት ማቆሚያ ላይ ይረፍ፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም ሰው እንዳይገባ። አክስሉ ከካምቢዮው የሚወጣው የውስጥ ጁንቶውን ቤት በጠፍጣፋ ብረት በመፈንቀል ነው፤ ዘንጉን ይዞ መጎተት ጁንቶውን ውስጥ ለውስጥ ይፈታዋል። አብዛኛው ጋራዥ የሚዘለው ቀጣዩን ነገር ነው፦ ኦይል ሲሉና አክስሉን ካምቢዮ ውስጥ የሚይዘው የሽቦ ቀለበት አብረው በአዲስ ይቀየሩ። ዋጋቸው ከአክስሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ሳይቀየሩ ቀርተው ዘይት ቢያንጠባጥብ ግን ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። አዲሱ አክስል «ቀጭ» ብሎ እስኪቀመጥ ይገፋ፣ ከዚያም ቤቱ ተይዞ ወደ ውጭ ሲሳብ እንደማይወጣ ይረጋገጥ።

ዳዶውም አዲስ ይሁን። በብዙ የቶዮታ ትናንሽ መኪኖች 216 ኒውተን ሜትር ስለሚጠበቅ፣ የመኪናዎን ልክ ከመመሪያው አይተው በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) እንዲጠበቅ ይጠይቁ፤ በግምት የጠበቀ ዳዶ ኩሽኔታውን ያስጨርሳል። የፈሰሰው የካምቢዮ ዘይት በዓይነቱ ይተካ፤ ካምቢዮው ሲቪቲ (ደረጃ በደረጃ ማርሽ የማይቀይር የአውቶማቲክ ዓይነት) ከሆነ የተራ አውቶማቲክ ዘይት አይጨመርበት።

ደመወዝ እስኪደርስ መንዳት ይቻል እንደሆነ ላነሱት ጥያቄ፣ ድምፁ ቀላል ከሆነ በዝግታና መሪውን ሙሉ በሙሉ ሳያዞሩ ለጥቂት ቀናት መሄድ የሚቻል ይመስለኛል። ነገር ግን አንዱ አክስል ከተሰበረ መኪናው ከመቆሙም በላይ የአውቶማቲኩ «ፒ» (የማቆሚያ ማርሽ) ዳገት ላይ አይይዘውም፤ ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ሲያቆሙ የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው ይሳቡ። የቀኙ አክስል ድምፅ ከሌለውና ሽፋኑም ደህና ከሆነ ባለበት ይተውት፤ ሽፋኑ መሰንጠቅ ከጀመረ ግን ግራው በሚሠራበት ቀን ሽፋኑን ብቻ ያስቀይሩ።