እህቴ ካውንስለሩ ፊት ዝም ብላ ቀረች፣ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄ (አሳጥሬዋለሁ)፦ ሰላም ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ ሳውዲ ሶስት አመት ሰርታ ዘንድሮ ተመለሰች። ከመጣች ጀምሮ መብራት ካልበራ አትተኛም፣ በር ሲንኳኳ ትበረግጋለች፣ ምን እንደደረሰባት ለማንም አልተናገረችም። እናቴ ጸበል እንውሰዳት ስትል እኔ ለምኜ ካውንስለር ጋር ወሰድኳት፣ ሰውየው የትሮማ (ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው አእምሮ ላይ የሚቀረው ቁስል) ስልጠና ሰርተፊኬት ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። እንዳይረብሹን ብሎ በሩን በቁልፍ ቆለፈና «በይ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አላት። ዝም አለች። «ካልተናገርሽ አትድኚም» አላት። አይኗ ግድግዳው ላይ ተተክሎ ቀረ፣ እጇን ስይዘው በረዶ ሆኗል። ማታ ለኔ ደወለና የአሰሪዋ ልጅ ሳይደፍራት አይቀርም አለኝ፣ እኔም ለእናቴ ነገርኳት። አሁን እህቴ ሁለታችንንም አታናግረንም፣ እናቴ ደሞ «ገንዘብ ተከፍሎላት አፏን መክፈት አቃታት» ትላለች። ጥፋቱ የማን ነው? ሌላ ባለሙያ ብፈልግስ ትሮማ በትክክል የገባው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ ከምንም በፊት እናትሽ ያሉትን ላንሳ ምክንያቱም ይሄ ነገር ቤት ውስጥ በተደጋገመ ቁጥር እህትሽ ላይ እየከበደ ነው የሚሄደው። እህትሽ እምቢ አላለችም። ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ፍርሃት ሲመጣበት ወይ ይሸሻል ወይ ይታገላል፣ ሁለቱም አልሆን ሲለው ግን ሰውነቱ በራሱ ጊዜ ድርቅ ይላል፣ ድምጹ ይጠፋል፣ እጁ ይቀዘቅዛል፣ አይኑ አንድ ቦታ ላይ ይተከላል፣ ሲያወሩት ድምጽ ይሰማል ቃሉ ግን አይገባውም። እጇ በረዶ የሆነብሽ ለዛ ነው። እዛ ክፍል ውስጥ የነበረው ባለሙያ ይሄን አይቶ መለየት ነበረበት፣ ለይቶም ጥያቄውን ማቆም፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ «አሁን ያለሽው አዲስ አበባ ነው፣ እህትሽ አጠገብሽ ናት፣ ዛሬ ምንም መናገር የለብሽም» ማለት፣ ውሃ መስጠት፣ እግሯ ወለሉን መርገጡን እንድታስተውል ቀስ ብሎ መርዳት ነበረበት። እሱ ግን ጭራሽ አስፈራራት። ጥፋቱ የሱ ነው፣ ይሄን ሳላለባብስ ነው የምነግርሽ።

አሁን ደሞ በሩን አስቢው። ከፋላ በሚባለው የአረብ አገር የአሰሪ ስፖንሰርነት ስርአት የምትሰራ የቤት ሰራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሰሪዋ ጋር የታሰረ ነው፣ ብዙዎቹ ፓስፖርታቸው ይወሰድባቸዋል፣ ስልክ ይከለከላሉ፣ አሰሪዎቹ ሲወጡ ከውጭ ይቆለፍባቸዋል። ከዛ አይነት ህይወት የተመለሰች ሴት በማታውቀው ወንድ ቢሮ ውስጥ ቁልፍ ሲዞር ስትሰማ ምን ሊሰማት እንደሚችል ሰውየው ለአንድ ደቂቃ እንኳን አላሰበም። የገባው ባለሙያ ቢሆን «በሩን ልዝጋው ወይስ ገርበብ ይበል? የቱ ወንበር ይሻልሻል? እህትሽ አብራሽ ትግባ ወይስ ውጭ ትጠብቅ?» ይላት ነበር፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ደሞ አንቺ በሌለሽበት ነው የሚጠይቃት፣ አንቺ ፊት እንዴት ብላ አትግባ ትበል? መቼ እንደምትተኛ መቼ እንደምትበላ ሌላ ሰው ሲወስንላት ለኖረች ልጅ ህክምናው የሚጀምረው እዛች ጥያቄ ላይ ነው።

ከክፍሉ በፊት ያለውንም እይው። እኛ አገር ብዙ ቦታ ጥበቃው መታወቂያ ይቀበልና የእንግዳ ባጅ ይሰጣል፣ እኔና አንቺ ሳናስበው እንሰጣለን፣ ፓስፖርቷን ተቀምታ ለነበረች ሴት ግን የማታውቀው ሰው መታወቂያዋን መሳቢያ ውስጥ ሲከተው ገና ካውንስለሩን ሳታየው ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ሪሴፕሽኗ ወረፋ ጠባቂ በሞላበት «ምን ሆና ነው የመጣችው?» ብላ ጮክ ስትልም ያው ነው። ሳምሳ የሚባለው የአሜሪካ ፌደራል መንግስት የአእምሮ ጤና መስሪያ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. በዚህ ጉዳይ ያወጣው ሰነድ ነገሩን የቴራፒስቱ ብቻ አላደረገውም፣ ተቋሙ በሙሉ ትሮማ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ይወቅ፣ ምልክቱን ይለይ፣ አሰራሩን በዛ ልክ ያስተካክል፣ ሰውን መልሶ ከመጉዳት ይጠንቀቅ ነው የሚለው። ሰርተፊኬት እኮ የሁለት ቀን ስልጠናም ይሰጠዋል፣ እይው ግን እሱን ብቻ አትመኚ።

እኔ በአንድ ነገር ብቻ ፍረጂ ብባል እህትሽ «አልፈልግም» ስትል ባለሙያው ምን ያደርጋል የሚለውን ነው የማየው። ስለ አሰሪዎቿ ቤት ማውራት አልፈልግም ብትለው «እሺ፣ ስለነገርሽኝ ጥሩ ነው፣ ስለ እንቅልፍሽ እናውራ ወይስ ዛሬ ይብቃን?» ካለና በርግጥም ከተወው ጥሩ ነው። ካኮረፈ፣ ከተቆጣ፣ ጊዜዬን አታባክኚ ካለ፣ ወይ ፋይሏ ላይ «አትተባበርም» ብሎ ከጻፈ ሰርተፊኬቱ ምንም አይጠቅማትም። ይሄኛውን ለመለየት ቀላል ነው፣ የሚያስቸግረው ፈገግ ብሎ «እሺ የኔ ቆንጆ እንዳልሽ» ይልና ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሌላ መንገድ ዞሮ እዛው ጥያቄ ላይ የሚመጣው ነው። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ድምጹም ለስላሳ ነው፣ ደግነት ግን ትሮማ ያውቃል ማለት አይደለም። ስለዚ እህትሽ በትንሹ ትሞክረው፣ ቀጠሮ ትቀይር፣ አንድ ፎርም ሳነበው አልፈርምም ትበል፣ የሚሰጣትን መልስ ሰምታ ትመዝነው።

ይሄን ስልሽ ግን ጥሩ ባለሙያ ማለት ስለ ትሮማው ጭራሽ የማያነሳ ነው ብለሽ እንዳትረጂኝ። አመት ሙሉ እያጽናና እያሳሳቀ አንዴም ወደ ነገሩ የማይጠጋም አለ፣ እሷ በሰላም ትመለሳለች፣ ማታ ግን መብራቱ እንደበራ ነው። ውጤታቸው የተመሰከረላቸው ህክምናዎች መጨረሻ ላይ ወደ ትዝታው መግባታቸው አይቀርም። የአለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለፒቲኤስዲ (ከትሮማ በኋላ ለሚመጣው የአእምሮ ህመም) ካስቀመጣቸው ውስጥ ትሮማ ላይ ያተኮረ ሲቢቲ (አስተሳሰብና ባህሪ ላይ የሚሰራ የንግግር ህክምና) እና ኢኤምዲአር (ትዝታውን እያሰቡ አይንን ወዲያ ወዲህ በማንቀሳቀስ የሚሰራ ህክምና) የሚባሉት አሉ። ለጦርነትና ለስደት ተጎጂዎች ተብሎ የተዘጋጀ ናሬቲቭ ኤክስፖዠር ቴራፒ የሚባልም አለ፣ እዛ ላይ ሰውየው መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋና ህይወቱን ከልደቱ ጀምሮ እያሰበ ለክፉው ጊዜ ድንጋይ ለደጉ አበባ ያስቀምጣል፣ ከዛ በኋላ ነው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሱ ከባለሙያው ጋር የሚያወሩት። ልዩነቱ ገባሽ? ምን እንደሚሰራ ቀድሞ ተነግሮታል፣ ተስማምቷል፣ በፈለገበት ሰአት ማቆም ይችላል፣ ከመውጣቱ በፊትም ወደ ዛሬው ቀን ተመልሶ ይረጋጋል። ከጥሩ ሴሽን በኋላም አልቅሳ ደክማ ልትመጣ ትችላለች፣ ስለዚ ስላለቀሰች ብቻ ጎዳት አትበይ፣ መምጣቱን አውቃው ነበር ወይ? ማስቆም ትችል ነበር ወይ? እሱን ጠይቂያት።

የስልኩ ነገር ከሁሉም በላይ አናዶኛል። አዋቂ ሴት ናት፣ ያለ ፈቃዷ ለማንም መንገር አይችልም፣ የሷ ወይ የሌላ ሰው ህይወት አደጋ ላይ ሲሆን ካልሆነ በቀር፣ ያንንም ገና በመጀመሪያው ቀን «ይሄ ከሆነ ብቻ ለቤተሰብ እናገራለሁ» ብሎ ሊያስታውቃት ይገባል። እሱ የነገረሽ ደሞ እሷ ያላለችውን የራሱን ግምት ነው። አንድ ቃል ሳትናገር ተደፍራለች ብሎ የሚደመድም ሰው ነገ እሷንም ያልሆነውን ሆኗል ብሎ ሊያሳምናት ይችላል፣ እንደዚ አይነቱን ራቂው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አሰሪዎችሽን ይቅር ካላልሽ ሰላም አታገኚም የሚልም አለ፣ እሱም ያው ነው፣ ይቅርታ የራሷ ጉዳይ ነው።

ጸበሉን በተመለከተ እሷ ከፈለገች ትሂድ፣ ካልፈለገች ማንም አይጎትታት። ጥሩ ባለሙያ በእምነቷ አይሳለቅም፣ ወይ እኔን ወይ ጸበሉን ምረጪ ብሎም አያስጨንቃትም። መድሃኒት የጀመረች ከሆነ ግን ለጸበል ተብሎ እንዳታቋርጥ፣ መጀመሪያ ያዘዘላትን ሃኪም ታማክር።

ሌላ ባለሙያ ስትፈልጊ ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የመጀመሪያው ቀን ምን ይመስላል? ታሪኳን የግድ መናገር አለባት? በመሃል ብትደነግጥ ምን ታደርጋላችሁ? ሴት ባለሙያ አለ? በምን አይነት ህክምና ነው የምትሰሩት፣ የትስ ተማራችሁት? ሲከብዳችሁ የምታማክሩት ሲኒየር ሰው አለ? ትሮማ የሚያውቅ ሰው ለነዚህ ተረጋግቶ ይመልሳል፣ እንደውም ስለጠየቅሽው ደስ ይለዋል። «እኔ ጋር መጥቶ ያልተናገረ የለም» ወይ «በሶስት ቀን ነው የማድናት» ካለሽ አመስግነሽ ስልኩን ዝጊ። ብር ካነሰ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ ከአረብ አገር ተመላሽ ሴቶችን የሚደግፈው አጋር ኢትዮጵያም አለ፣ እዛም ግን ያንኑ ጥያቄ ጠይቂ። መሞት እፈልጋለሁ ካለች ወይ ራሷን የመጉዳት ነገር ካየሽ ደሞ ቀጠሮ ምናምን የለም፣ ብቻዋን ሳትተዪያት በዛኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

ቤት ውስጥ አንቺ የምትጀምሪው ከይቅርታ ነው። «አንቺ ያላልሽውን ነገር ለእማዬ ነገርኳት፣ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ» በያት፣ ከዛ እውነት ነው እንዴ ብለሽ እንዳትጠይቂ፣ አፍሽ ላይ ቢመጣም ዋጪው። እናትሽን ደሞ የገንዘቡን ነገር ሁለተኛ እንዳያነሱባት ለብቻቸው ለምኛቸው፣ ልጃቸው ስለተጎዳችባቸው ነው እንደዛ የሚናገሩት፣ የሚያደርጉት ነገር ቢያገኙ ይረጋጋሉ። የእህትሽን በር ከማንኳኳታቸው በፊት «እኔ ነኝ ልጄ» ይበሏት፣ ማታ መብራቱን አያጥፉባት፣ እሷ ካልቆለፈችው በስተቀር በሩ አይቆለፍ። ይሄ የሳምንታት ስራ ነው፣ ዛሬ ይቅርታ ጠይቀሽ ነገ ታናግረኛለች ብለሽ አትጠብቂ።

ማውራት ስትጀምሩ ደሞ ሌላ ሰው አገኘሁልሽ ብለሽ አትምጪባት። ሁለት ሶስት ቦታ ልደውል ነው፣ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይ ብለሽ ጠይቂያት። እሺ ካለች ስልኩን ላውድ አድርጊው፣ ሌላ ሰውም እየሰማ መሆኑን ለሚያነሳው ንገሪው፣ የምትጠይቂውንም እሷ ትጨምርበት፣ ከፈለገች ስሟ አይነሳ። ሰምታ አንዳቸውንም ካልወደደች በዛው ተዪው፣ ስልክ ቁጥሮቹን ግን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጫት፣ መቼ እንደምትደውል የምትወስነው እሷ ናት።