የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መድኃኒት በመቋረጡ የመጣ መደናገር በሕክምና መዝገብ ላይ እንዴት ይሰፍራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን በአንድ ሆስፒታል ኮደር (የሕክምና መዝገብ አንብቦ ለየምርመራው መለያ ኮድ የሚሰጥ ሠራተኛ) ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። በቅርቡ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው የአንዲት አረጋዊት ቻርት ደረሰኝ። ልጃቸው፣ እናቷ ለዓመታት ማታ ማታ 2 ሚሊግራም ሎራዜፓም (ቤንዞዲያዜፒን ከሚባሉት ማረጋጊያዎች አንዱ) ይወስዱ እንደነበር ለነርሷ ተናግራለች፤ ሲገቡ በተጻፈው የመድኃኒት ትዕዛዝ ላይ ግን ሎራዜፓም የለም። በሦስተኛው ሌሊት ነርሷ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ 118 የደረሰ የልብ ምትና ክፍሉ ውስጥ ከሌሉ ሰዎች ጋር ማውራትን መዝግባለች፤ ሲነጋ ግን ታካሚዋ ያሉበትን ቦታ በትክክል ተናግረዋል። ሐኪሙ የጻፈው «ሌሊት ግራ መጋባት፤ የቆየ የቤንዞዲያዜፒን ጥገኝነት፤ ሎራዜፓም ይጀመር» የሚል ብቻ ነው። አንዲት የቆየች ባልደረባዬ «ይሄማ ግልጽ ነው፣ ኤፍ 13.231 ስጪው» ትለኛለች። ትክክል ናት?

መልስ፦ በሕክምናው በኩል ግምቷ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ኮድ የሚደግፍ ቃል ግን በመዝገቡ ላይ የለም። በአይሲዲ-10-ሲኤም (በአሜሪካ በሚሠራበት የምርመራ ኮዶች ዝርዝር) ኤፍ 13 የማረጋጊያ፣ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች ምድብ ሲሆን፣ ከነጥቡ በኋላ 2 ጥገኝነትን፣ ቀጥሎ ያለው 3 መድኃኒቱ በመቋረጡ የሚመጣውን ሕመም፣ የመጨረሻው 1 ደግሞ ዲሊሪየምን (በድንገት የሚመጣና የሚዋዥቅ ከባድ የአእምሮ መታወክን) ያመለክታሉ። ሦስቱንም ማለት የሚችለው ሐኪሙ ሲሆን እርሱ ግን የጻፈው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «ግራ መጋባት» ዲሊሪየም አይደለም፤ «ሎራዜፓም ይጀመር» የሚለው ትዕዛዝም፣ ምንም ያህል ፍንጭ ቢሰጥ፣ ምርመራ ሆኖ አይቆጠርም። ቻርቱ እንዳለ ይሠራ ቢባል የሚደርሱት ኤፍ 13.20 (ጥገኝነት ብቻ) እና አር 41.0 (ግራ መጋባት) ላይ ነው፤ ይህም የታካሚዋን ሌሊት ከሆነው በታች አቅልሎ ያሳያል።

ስለዚህ ለሐኪሙ ኩዌሪ (የጽሑፍ ማብራሪያ ጥያቄ) ይላኩ። ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ «ዲሊሪየም ብለው ቢጽፉልን» የሚል ጥያቄ መልሱን ቀድሞ ስለሚያስቀምጥ ተቀባይነት የለውም። በቅድሚያ መዝገቡ ላይ ያለውን እንዳለ ይዘርዝሩ፦ ልጅቷ የተናገረችውን መጠንና የቆይታ ጊዜ፣ መድኃኒቱ በመግቢያው ትዕዛዝ ላይ አለመኖሩን፣ ነርሷ የጻፈችውን ከነሰዓቱ፣ የጠዋቱን መሻሻል፣ የተሰጠውን ሕክምናና ለሕክምናው የታየውን ምላሽ። ከዚያ «ይህ የአእምሮ ሁኔታ በምን ምክንያት እንደመጣ በክሊኒካዊ ዳኝነትዎ ይግለጹልን» ብለው አማራጮቹን ያስቀምጡ፦ ማረጋጊያ መድኃኒት በመቋረጡ የመጣ ዲሊሪየም፣ በሌላ የታወቀ ሕመም ምክንያት የመጣ ዲሊሪየም፣ ሌላ፣ ወይም መወሰን አይቻልም። ስለ ክፍያ አንድም ቃል አይግባ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በአረጋውያን ላይ መደናገርን የሚያመጡ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሕመም ማስታገሻዎች፣ የኦክስጅን ማነስና ሌሎችም ብዙ ምክንያቶች ስላሉ ሁለተኛው አማራጭ ለይምሰል የገባ አይደለም፤ ሐኪሙ ያንን ከመረጠ ኮዱ ኤፍ 05 ይሆናል፣ ከእርሱ በፊትም ምክንያት የሆነው ሕመም ይቀመጣል።

ሐኪሙ የመድኃኒት መቋረጥ መሆኑን ካረጋገጠ ኤፍ 13.231 ከስብራቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ደረጃ ምርመራ ይሆናል። እዚህ ላይ ባልደረባዎ ያላነሳችው ነገር አለ፤ ሕመሙ ታካሚዋ ሲገቡ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ምልክት ነው። ጥገኝነቱ ከቤት አብሮ የመጣ ቢሆንም፣ የጥምር ኮድ አንዱ ክፍል እንኳ ሲገቡ ካልነበረ ምልክቱ «ኤን» (ሲገቡ አልነበረም) እንዲሆን መመሪያው ያዝዛል። ዲሊሪየሙ በሦስተኛው ሌሊት የጀመረ ስለሆነ «ኤን» ነው። ምልክቱ ሆስፒታሉን ያስወቅሳል ብሎ ማለዘብ የኮደር ሥራ አይደለም፤ እንዲያውም መድኃኒቱ ከመግቢያው ትዕዛዝ ላይ መቅረቱን የጥራት ክፍሉ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ታካሚዋ ገንዘብ አጥሯቸው ቤታቸው ሳሉ ራሳቸው አቋርጠውት ቢሆን ኖሮ ቲ 42.4ኤክስ6ኤ (ቤንዞዲያዜፒንን ከታዘዘው በታች መውሰድ) እና ዜድ 91.120 (ይህን በገንዘብ ችግር ሆን ብሎ ማድረግ) ይጨመሩ ነበር፤ ከታዘዘው በታች መውሰድን የሚገልጸው የቲ ኮድ ግን በየትኛውም ሁኔታ የመጀመሪያ ምርመራ ሆኖ አይቀመጥም።

ጥያቄ፦ የእናቴን የሕክምና መዝገብ በስልኬ ስከፍት «የማረጋጊያ መድኃኒት ጥገኝነት» የሚል አገኘሁ። እናቴ ሐኪም ካዘዘላት አንድ ፍሬ አልፋ አታውቅም። እንደ ሱሰኛ መመዝገቧ ልክ ነው? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ቅሬታዎ መሠረት አለው። በ2013 የወጣው ዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ)፣ መድኃኒቱ በሐኪም ክትትል ሥር እንደታዘዘው ከተወሰደ መላመድም ሆነ ሲቋረጥ የሚመጣው ሕመም ለአጠቃቀም መታወክ (በተለምዶ ሱስ ለሚባለው) መመዘኛ ሆነው እንዳይቆጠሩ ይላል። እንዲህ ላለች ታካሚ፣ መድኃኒቱ ተቋርጦ ዲሊሪየም ቢከሰት፣ የሚሰጠው ኮድ ጥገኝነትን የማይጠቅሰው ኤፍ 13.931 ነው። ሆኖም ሐኪሙ «ጥገኝነት» የሚለውን ቃል ከጻፈ፣ ሰውነት ለምዶታል ለማለት ብቻ ቢሆንም፣ የኮዲንጉ ማውጫ ወደ ኤፍ 13.2 ይወስደዋል። ኮደሩ ቃሉን የመቀየር ሥልጣን የለውም።

በሂፓ (የጤና መረጃን በሚመለከተው የአሜሪካ ሕግ) መሠረት መዝገቡ እንዲታረም በጽሑፍ መጠየቅ የእናትዎ መብት ነው፤ ተቋሙ በ60 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ምክንያቱን በጽሑፍ አሳውቆ አንድ ጊዜ 30 ቀናት ሊያራዝም ይችላል። ጥያቄውን ከለከለ ደግሞ የተቃውሞ መግለጫ አስገብተው ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ማድረግ ይቻላል። በዚህ ተከፍተው እናትዎ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ እንዲተዉ እንዳያደርጉ አደራ እላለሁ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ቤንዞዲያዜፒን በድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ የሚጥል ሕመም ሊያስከትል እንደሚችል ገልጿል። ለሐኪማቸው ሲጽፉ «ስሟ ይጥራ» ከማለት ይልቅ የሚፈልጉትን ዓረፍተ ነገር ራስዎ ያቅርቡ፦ «ሎራዜፓም በሐኪም ትዕዛዝ ልክ የሚወሰድ፤ የአጠቃቀም መታወክ የሌለ» ይበሉ።